የወለቃ አሻንጉሊቶች፦ ሸክላው ቢቀር ሙያው አልቀረም

የወታደር ቤተሰብ ጓዙን የሚያስረው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። የዝውውር ትእዛዝ በደረሰ ቁጥር ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል፤ እንዲቀር ከሚፈረድበትም ዕቃ መካከል የልጆች መጫወቻ ግንባር ቀደሙ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ አሻንጉሊት ለመጻፍ የተነሣነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉዳዩ የሕፃናት ብቻ ነው ብሎ ሊያልፈን የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንጠይቃለን።

በውጭው ዓለም አሮጌ አሻንጉሊት መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በ1951 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ በኒውዮርክ የመጫወቻ ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው ባርቢ ዋጋዋ 3 ዶላር፣ ቁመቷ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። የለበሰችው ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው የዋና ልብስ ነው። ሰብሳቢዎች የመጀመሪያዎቹን የሚለዩት እግሯን ገልብጠው ነው፤ ከመቆሚያዋ ጋር የሚያያይዟት ቀዳዳዎች በውስጥ እግሯ ይታያሉና። የጉትቻዋ ብረት ጆሮዋን አረንጓዴ አድርጎት እንደሆነም ይመረምራሉ። ልጅ ሳይነካት ከነሣጥኗ የተገኘች ዛሬ ብዙ ሺህ ዶላር ታወጣለች። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ውድ የምትባለው ማንም ያልተጫወተባት ናት ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች። ወንዶቹ አንጥረኞችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ሴቶቹ ጭቃውን ያለ መንኰራኩር በእጃቸው እያበጁ፣ አድርቀው በሜዳ እሳት ይተኩሱት ነበር። ጎብኚዎች መመላለስ ሲጀምሩ ከማሰሮና ከጀበና ጎን ትንንሽ ምስሎችን መሥራት ያዙ፤ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ልጇን ያቀፈች እናት፣ አንበሳ፣ ንግሥተ ሳባና ንጉሥ ሰሎሞን ከጭቃ ተወለዱ። ይሁን እንጂ እነዚህን እጆች አገሩ አላከበራቸውም። በማሰሮው ወጡን የሚሠራ ሰው፣ ማሰሮውን ያበጀችውን ሴት ቡዳ ናት እያለ ይሸሻት ነበር።

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ድንበር ተሻግረው በገዳሪፍ አካባቢ በሚገኙት በተዋዋና በኡም ራኩባ መጠለያዎች ሰፈሩ። በመንገድና በመጠለያ በረኃብና በበሽታ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ከ6,000 በላይ የሚሆኑት በምስጢር ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም በአውቶቡስ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ ሄዱ።

ሌሊት በእግሩ የሚጓዝ ሰው ሸክላ አይሸከምም፤ ልጁን ይሸከማል። ሙያው ግን ስለማይከብድ አብሮ ተሻገረ። ከሸክላ ሠሪዎቹ መካከል እስራኤል ገብተው ሥራቸውን የቀጠሉ አሉ። ወለቃ ላይም የቀሩት ጎረቤቶች ሙያውን ይዘው ምስሎቹን በመንገድ ዳር መሸጥ ቀጠሉ።

ዛሬ አንድ ሰብሳቢ የወለቃን ምስል ቢያገኝ ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የባርቢ አምራች ስሙንና ዓመቱን በገላዋ ላይ አትሟል፤ የወለቃዎቹ ብዙዎቹ ግን ስም የለባቸውም። የሠሪዋ እጅ አሻራ በጭቃው ላይ ሲገኝ፣ ስሟ ግን ጠፍቷል። እኛን የሚያሳዝነን የሸክላው መሰበር ሳይሆን ይህ ነው።

ስለዚህ እህቶቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ከቁራጭ ጨርቅም ሆነ ከጭቃ ለልጃችሁ አሻንጉሊት ስትሠሩ፣ ስማችሁን፣ የነበራችሁበትን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን ከሥሩ ጻፉበት። የሸክላ ከሆነ በውኃ አትጠቡት፤ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ወልውሉት። ጓዝ ሲታሰር በነጠላ ተጠቅልሎ ከልብሱ መካከል ይግባ። አባወራ ወገኖቻችንም ጭነት በዛ ብላችሁ አትጣሉት። ልጅቱ አድጋ ከየትኛው ጦር ሰፈር እንደመጣች ስትጠየቅ፣ አገላብጣ የምታነበው ምስክር ይኖራታል።