ድድ የቀደመው አጥንት

በሰቆጣ አቅራቢያ በውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ ከአለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ዘንድ፣ የጥንት ዋግሹሞች (የዋግ ገዥዎች) አስከሬን በሣጥን ሆኖ ተቀምጧል። ሹመቱ ቀርቷል፣ ሥጋው ደርቋል፤ አጥንቱ ግን አለ። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ጥርሱን ያስነቀለ ጎልማሳ ደግሞ በቁሙ አጥንቱ ያልቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የዴንማርክ ጥናት እንደለካው፣ ጥርስ በተነቀለ በ12 ወር ውስጥ ጥርሱን ይዞ የነበረው የመንጋጋ አጥንት ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል። ከሚጠፋውም ሁለት ሦስተኛው የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ሥራ ያጣን አጥንት አካል ራሱ አፍርሶ ይወስደዋል።

ይህ ለብዙ ዘመን የእርጅና ነገር ተብሎ ታልፏል። የአያት አገጭ ወደ አፍንጫ ሲጠጋ ማን ሐኪም ይጠራል? የኋላ ኋላ የመፍትሔ መንገድ የከፈተው አንድ ስዊድናዊ ሐኪም ነው፤ እሱም ቢሆን ሲፈልግ የነበረው ሌላ ነገር ነበር።

ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ደም በአጥንት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ያጠና ነበር። ለዚህም ከታይታኒየም የተሠራ ትንሽ መመልከቻ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ተከለ። መሣሪያው ውድ ስለነበር፣ ሥራው ሲያልቅ ለሌላ ጥንቸል ሊያውለው አስቦ ሊነቅለው ሞከረ። አልነቀል አለው። አጥንቱ ብረቱን እንደ ባዕድ አልገፋውም፤ እላዩ ላይ አድጎ ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ዮስታ ላርሶን የተባለ፣ ሲወለድ ጀምሮ መንጋጋው ጉድለት የነበረበት ሰው፣ የታይታኒየም ሥር ተተክሎለት ጥርስ አገኘ። በ2006 እስኪሞት ድረስም በዚያው ሥር ላይ በቆመ ጥርስ በልቷል። የብሮነማርክ የሙያ ጓደኞች ግን እሱን ለማመን እስከ 1982ቱ የቶሮንቶ ጉባኤ ድረስ ጠብቀዋል።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ችግር የወጣው። ኢምፕላንት የሚባለው ይህ የታይታኒየም ሥር የሚቆመው አጥንት ላይ ነው፤ ኢምፕላንት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ደግሞ አጥንታቸው ያለቀባቸው ናቸው። የመጀመሪያው መፍትሔ ከዳሌ አጥንት ቆርጦ መንጋጋ ላይ መለጠፍ ነበር። ታካሚው ለአፉ ገብቶ እያነከሰ ይወጣል። የተለጠፈው አጥንትም ብዙ ጊዜ እየመነመነ ያልቃል። በላይኛው መንጋጋ በኩል አሜሪካዊው ሂልት ታተም በ1970ዎቹ ሌላ መንገድ አገኘ፤ ከጥርሶቹ በላይ ያለውን ባዶ የአየር ክፍል ስስ ሽፋን ወደ ላይ አንስቶ ሥሩን በአጥንት መሙላት።

ሁሉም ግን ከሌላ ቦታ አምጥቶ መሙላት ነው። አጥንቱ ለምን ራሱ ተመልሶ አያድግም?

አቅም ስለሌለው ነው እንዳይባል፣ ዮስታ ላርሶን በታከመበት በዚያው በ1965 አሜሪካዊው ማርሻል ዩሪስት ተቃራኒውን አሳይቶ ነበር። ማዕድኑ በአሲድ የወጣለት አጥንት በእንስሳት ጡንቻ ውስጥ ሲቀበር፣ በሥጋ መካከል አዲስ አጥንት በቀለ። አጥንት አብቅል የሚል ትእዛዝ የያዘ ነገር ውስጡ እንዳለ ተረዳ። ያ ነገር ፕሮቲን መሆኑ ታውቆ፣ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በአሜሪካ ለመንጋጋ ሕክምና እስኪፈቀድ እ.ኤ.አ. 2007 ደረሰ።

ለእኔ ትልቁ ግኝት ግን በአይጦች መንጋጋ ላይ የታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በስዊድን ጎተንበርግ ክሪስተር ዳሊንና ባልደረቦቹ በእያንዳንዱ አይጥ መንጋጋ ግራና ቀኝ ቀዳዳ በሱ። አንዱን ቀዳዳ በቴፍሎን ሽፋን ከለሉት፣ ሌላውን እንዲሁ ተዉት። ምንም የአጥንት ዱቄት አልጨመሩም፣ መድኃኒትም አልቀቡም። ከ6 ሳምንት በኋላ የተከለለው ቀዳዳ በአጥንት ተሞልቶ ተገኘ። ያልተከለለው ሥጋ ሞልቶት ቀረ፤ ወራት ቢጠበቅም አልተዘጋም። አጥንቱ ማደግ አላቃተውም ነበር፤ ድድና ሥጋ ፈጣን ስለሆኑ ቀድመውት ቦታውን ይይዙበታል። የዋግ ገበሬ ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያሻውም። ፍየል የጋጠው ተራራ ከንክኪ ነፃ ሆኖ ሲከለል፣ ማንም ችግኝ ሳይተክልበት ቁጥቋጦው ከሥሩ ያቆጠቁጣል።

ዛሬ የጥርስ ሐኪም የሚሠራው የእነዚህ ድምር ነው። የጎደለው ቦታ በአጥንት ቅንጣት ይሞላል፤ ቅንጣቱ ከራስ መንጋጋ፣ ከለጋሽ ሰው፣ ከከብት ወይም ከሰው ሠራሽ ማዕድን ሊሆን ይችላል። ከዚያ በስስ ሽፋን ይከለላል። እዚህ ላይ ብዙ ታካሚ የማይጠይቀው ነገር አለ፦ በሰፊው ከሚሠራባቸው ሽፋኖች ብዙዎቹ ከአሳማ የተሠሩ ናቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር ታካሚው ሳይጠይቅ፣ ሐኪሙም ሳይነግረው ባይቀር ይሻላል። ከከብት የተሠራም፣ ጭራሽ ከእንስሳ ያልሆነም አለና።

ሌላው ዋጋ ጊዜ ነው። የተሞላው አጥንት እስኪጠና ብዙ ወራት ይፈልጋል፤ ኢምፕላንቱ ከገባ በኋላም ጥርሱ እስኪታሰር ሌላ 3 ወይም 6 ወር። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ቀጠሮ ነው። 700 ኪሎ ሜትር ርቆ ሰቆጣ ላለ ሰው ግን ስንቅ፣ ትራንስፖርትና ማደሪያ ነው፤ ያውም በየዙሩ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ጥርሱ በተነቀለበት ዕለት ጉድጓዱን ሞልቶ መክደን ነው፤ ከዚያም በፊት፣ ሊድን የሚችል ጥርስን አለመንቀል።

አጥር የማይበቃበትም ጉዳት አለ። ኖማ የሚባለው በሽታ ከድድ ይጀምርና በቀናት ውስጥ ጉንጭና መንጋጋ ይበላል። የሚይዘው በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ገና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። የምግብ እጥረት ለሰቆጣም እንግዳ አይደለም፤ የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቆም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጀው ቃል ኪዳን የሰቆጣን ስም የያዘው ይኸው አካባቢ ረኀብን ስለሚያውቅ ነው።

ሙሉ መንጋጋ ሲጠፋ ሐኪሞች ከታካሚው እግር ቀጭኑን አጥንት ከደም ሥሩ ጋር አውጥተው፣ በመንጋጋ ቅርጽ ቆርጠው ያስተካክሉትና፣ የደም ሥሩን በማይክሮስኮፕ ከአንገት ደም ሥር ጋር ይሰፉታል። ኒውዮርክ ላይ ዴቪድ ሂዳልጎ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳየው ይህ ዘዴ ኢምፕላንት የሚሸከም አጥንት ይሰጣል። በሕፃን ላይ ግን ኢምፕላንት አይተከልም፤ መንጋጋው እያደገ ሲሄድ የተተከለው ባለበት ተሰክቶ ይቀራል። በ3 ዓመቱ መንጋጋውን ኖማ የወሰደበት ልጅ ለጥርሱ ዕድገቱ እስኪያበቃ፣ እስከ 18 ዓመቱ ገደማ ይጠብቃል።