ከታች ስንት ሰው አለ?

ድሮን ማስነሳቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ፈቃዱ ነው። ኬንያ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ደንብ በረራዎችን እንደ አደጋቸው መጠን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ለሦስት ይከፍላል። አደገኛው «ሲ» ነው። ለእሱ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ዝም ብሎ እሺ አይልም። ሞተሩ ቢጠፋ የት ይወድቃል? በቅርብ አውሮፕላን ያርፋል ወይ? ከታችስ ስንት ሰው አለ?

ሩዋንዳ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ ለሆስፒታሎች ደም የሚያደርሱት ድሮኖች ጥቅሉን የሚጥሉት በፓራሹት ነው። እንዲያው ቢወረወር ማንን እንደሚመታ አይታወቅማ!

እኛ ካኩማ ያለነውስ? የአውሮፕላን ማረፊያው እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ቤቶቻችን ተጠጋግተዋል፣ ልጆች ቀኑን ሙሉ ደጅ ናቸው። እንግዲህ ማመልከቻው ላይ «ከታች ያለው ሰው» የሚባለው እኛው ነን። ድሮን ይዞ ለሚመጣ ሰው «ፈቃዱን እስቲ አሳየን» ብንል ነውር የለውም።