መንገዱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ ምን ያህል ይርቃል? በአየር ላይ በቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሄዱም ሲመለሱም ኪሎ ሜትሩ ያው ነው፤ ሰዓቱ ግን ይለያያል። ከዋሽንግተን የተነሣ አውሮፕላን ሳያርፍ ቢበር በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ የተነሣው ግን መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ካረፈ ጉዞው ከ16 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ነፋስ ነው። በሰማይ ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ወደ እኛ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ግን ከፊት ይጋፈጠዋል። ሁለተኛው ሸክም ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑም ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሣት ይቸገራል።

በየቤተ ክርስቲያናችን በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ተለያይተው የሚኖሩ ባለትዳሮች አሉ። "ፕሮሰሱ እስኪያልቅ" የተባለው ጊዜ ዓመታት ይወስዳል። ለሁለቱም ርቀቱ አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን አንድ አይደለም። እዚያ ያለው ባል በሁለት ሥራ ደክሞ፣ "ለማን ብዬ ነው የምለፋው?" ይላል። እዚህ ያለችው ሚስት የታመመ ልጅ ታቅፋ አድራ፣ "ገንዘቡስ መጣ፤ አንተ የታለህ?" ትላለች። እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ብቻ ሲመዝን በመካከል ቅያሜ ይገባል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ከተሰሎንቄ ምእመናን በተለየ ጊዜ ያደረገውን ልብ ይበሉ (1ኛ ተሰ. 2፥17 – 3፥10)። ናፍቆቱን አልደበቀም። ራሱ መሄድ ባልቻለ ጊዜ ጢሞቴዎስን ላከ። ዳግመኛ ሊያያቸውም አጥብቆ ጸለየ።

እርስዎስ? ስልክ የሚደውሉት ስለ ገንዘብ ለመነጋገር ብቻ ነው? በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን በብርዱ ወራት እኩለ ቀን ነው፤ ሰዓታቸውን ወደ ፊት በሚገፉባቸው ወራት ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። እዚህ ልጆች ገና አልተኙም፤ እዚያ የምሳ ሰዓት ነው። በሳምንት ጥቂት ቀን እንኳ ሩብ ሰዓት ይመድቡ። መጀመሪያ፣ "ዛሬ ምን ከበደሽ?" "ምን ከበደህ?" ተባባሉ። ለመመለስ አትቸኩሉ፤ ስሙ። ከዚያ ልጆቹ ባሉበት አብራችሁ ጸልዩ። የምትገናኙበትንም ጊዜ በግልጽ ተነጋገሩበት፤ ቀን ያልተቆረጠለት መለያየት ሳይታወቅ ልማድ ይሆናል።

የትዳር ጓደኛዎ ከአጠገብዎ ከሆነ ደግሞ እግዚአብሔርን ያመስግኑ። ከዚያም በአጥቢያዎ ብቻዋን ልጆች የምታሳድገውን እኅት፣ ወይም ብቻውን የሚኖረውን ወንድም ይጎብኙ። ጢሞቴዎስ ሊሆኑላቸው ይችላሉ፤ ለዚህ ደግሞ የአውሮፕላን ቲኬት አያስፈልግም።