ኳሷን መጨረሻ ላይ የሚነካት ማነው?

ዛሬ በስፖርት አምዴ ስለ ቤዝቦል ልጽፍላችሁ ነው። ቤዝቦል በአሜሪካ፣ በጃፓንና በኩባ በጣም ይወደዳል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ወርዋሪው የሚቆመው ከመቺው በኩል 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ነው። ኩባ የተወለደው አሮልዲስ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ2010 ኳሷን በሰዓት 169 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወርውሯታል። ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ መቺው ጋ ደረሰች ማለት ነው!

ታዲያ ይህ ጉልበት ከየት ይመጣል? "ከክንድ ነዋ!" ትሉኝ ይሆናል። ግን የሚጀምረው ከእግር ነው። ከእግር ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ክንድ ያልፍና መጨረሻ ጣት ላይ ይደርሳል። ኳሷን መጨረሻ ላይ የሚነኳት ጠቋሚ ጣትና የመሃል ጣት ናቸው። እነሱ ከላሉ የእግሩም የወገቡም ልፋት ይባክናል።

ጠንካራ ጣት ምን ይጠቅማል?

1ኛ. ኳሷን ያሽከረክራል። ወርዋሪው ሁለቱን ጣቶች ቀዩ ስፌት ላይ አድርጎ ሲለቃት ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ትሄዳለች። ስትሽከረከር አየሩን ወደ ታች ትገፋዋለች፣ አየሩም እሷን ወደ ላይ ይደግፋታል። ስለዚህ መቺው እንደጠበቀው ቶሎ አትወርድለትም፣ ይስታታል።

2ኛ. አቅጣጫ ያስይዛል። ቶሎ ካመለጠች ወደ ላይ ትሄዳለች፣ ከዘገየች መሬት ትመታለች።

3ኛ. ክርንን ያግዛል። ጣትን የሚያጥፉት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው እንጂ ጣት ላይ አይደለም። ካላመናችሁ ክንዳችሁን በሌላው እጃችሁ ያዙና ጣታችሁን አጠፍ ዘርጋ አድርጉ። እኔ ስሞክረው ውስጡ ሲንቀሳቀስ ተሰምቶኛል። እነዚህ ጡንቻዎች በውርወራ ጊዜ ክርንን ደግፈው ይይዛሉ።

ጣት የጎደለውስ አይችልም? ይችላል እንጂ! አሜሪካዊው ሞርደካይ ብራውን በልጅነቱ የከብት መኖ የሚቆርጥ ማሽን የጠቋሚ ጣቱን አብዛኛውን ክፍል ቆረጠበት። በኋላም ወድቆ ሌሎቹ ጣቶቹ ተሰብረው ጠማማ ሆኑ። እሱ ግን በዚያው እጁ መወርወር ተለማመደ። ኳሱ በጣም እየታጠፈች መቺዎችን አስቸገረች። እ.ኤ.አ. በ1907 እና በ1908 ከቺካጎ ከብስ ጋር ሻምፒዮን ሆኗል።

እናንተም የካልሲ ኳስ ጨመቅ ለቀቅ እያደረጋችሁ ጣታችሁን አጠንክሩ። ክርናችሁን ካመማችሁ ግን አቁሙና ለቲቸር ንገሩ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!