የባሕር ኃይል የገበታ ጨዋታና የሰንጠረዥ ወረራ

መግቢያ

አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂና ባቱ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ናቸው፤ በአቅራቢያቸው ሐይቅ እንጂ ባሕር የለም። ይሁን እንጂ ትንንሽ መርከቦችን በጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ከባልንጀሮች ጋር መፋለም ባሕር አይጠይቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጨዋታ የሚያስነሣውን አንድ ችግር መግለጽና የአገራችን ሰንጠረዥ ለችግሩ ያለውን መፍትሔ ለመምህራን ማሳየት ነው።

የተራ ችግር

በእውነተኛ ውጊያ ተራውን የሚጠብቅ የለም። አንዱ መርከብ ሲዞር ሌላውም በዚያው ጊዜ ይዞራል። በጨዋታ ግን በየተራ መንቀሳቀስ ይህን እውነት ያጠፋዋል። ፍሬድ ጄን የተባለው እንግሊዛዊ በ1898 (እ.ኤ.አ.) የባሕር ኃይል የጦር ጨዋታ ደንብ አሳትሟል። እንዲህ ካሉት ጨዋታዎች በብዙዎቹ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ትእዛዙን በምስጢር ይጽፋል፤ ወረቀቶቹ አብረው ከተገለጡ በኋላ መርከቦቹ ሁሉ ባንድነት ይንቀሳቀሳሉ።

የሰንጠረዥ መፍትሔ

ሰንጠረዥ የቆየ የአገራችን ጨዋታ ነው። ሔንሪ ሶልት በ1814 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት እንደ ነበር ይናገራል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 (እ.ኤ.አ.) ታሪኩንና ሥርዓቱን በሰፊው አጥንተው አቅርበዋል።

ገበታው ብዙውን ጊዜ 64 ቤቶች የተሰመሩበት ቀይ ጨርቅ ነበር። በላዩ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ መደቅና በማዕዘን የሚቆሙት ጠጠሮች ይሰለፋሉ። ጨዋታው በ«ወረራ» ይጀመራል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እየተያዩ የየራሳቸውን ሠራዊት በአንድ ጊዜ ያሰልፋሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በየተራ ይቀጥላል። በአጨራረስም ወግ አለው፤ በማዕዘኑ ጠጠር ወይም በፈረስ ከማሸነፍ ይልቅ በደካሞቹ፣ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ ማሸነፍ ይበልጥ ያስመሰግናል።

ለትምህርት ያለው ጥቅም

ሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ችግር ይፈታሉ፤ የሚያሠለጥኑት ግን የተለያየ ችሎታን ነው። ትእዛዝ መጻፍ ያልታየውን መገመትን ያስተምራል፤ ወረራ በዓይን ፊት የሚለዋወጠውን ማስተዋልን ያስተምራል። በወረራ እጀ ፈጣን መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ባላጋራ አሰላለፉን አይቶ የራሱን ሊያስተካክል ይችላልና። ቸኩሎ የበላም ሠራዊቱ ሳይደራጅ ወረራውን በገዛ እጁ ይዘጋል።

ማጠቃለያ

ዛሬ ተማሪዎች ቼስ ሲማሩ ከመጀመሪያው አንሥቶ በየተራ መጫወትን ብቻ ይማራሉ፤ ወረራን ሊያሳያቸው የሚችል ሰው እያነሰ ሄዷል። ለማስተማር የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው፤ የተሰመረ ጨርቅና ምልክት የተደረገባቸው 32 ቆርኪዎች ይበቃሉ። በአዳማም ሆነ በባቱ የሚገኝ መምህር አንድ ቀን መርከቦቹን በጽሑፍ ትእዛዝ፣ ሌላ ቀን ሰንጠረዡን በወረራ ቢያጫውት፣ ተማሪዎቹ ሁለቱን አመዛዝነው የራሳቸውን ፍርድ ይሰጣሉ። የቀደሙት ሰዎች ጥበብ የሚጠበቀው ስሙ በመጽሐፍ ስለተመዘገበ ብቻ ሳይሆን የሚጫወተው ሲገኝ ነው።