ዘጠኝ ስብሰባ፣ ሦስት የቤት ጉብኝት

በወሎ አምባሰል፣ ውጫሌ የምትኖር፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላት እናት «የት ልውሰደው?» ብላ ስትጠይቅ የምታገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ አዲስ አበባ። መልሱ ሐሰት አይደለም። ስማቸው የሚታወቀው ማዕከላት እዚያ ናቸው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርታ ያቆመችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ። ወላጆች ያቋቋሙት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ዘሚ ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈተች ሴት ነበረች፤ ለገዛ ልጇ ትምህርት ቤት ስታጣ ነው ወደዚህ ሥራ የገባችው። መናገር ላልቻሉ ልጆች የአማርኛን ድምፅ በፊደል እየከፈለች የምታስተምርበትን ዘዴ አዘጋጅታ «አቡጊዳ» አለችው። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ አረፈች። ዛሬ በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መነጋገር ከቻልን አንዱ ምክንያት እሷ ናት።

ይሁንና አዲስ አበባ ከደሴ እንኳ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የውጫሌ ሰው ደግሞ ደሴ ለመድረስ መጀመሪያ ሐይቅን ማለፍ አለበት። ማዕከል ልጅ በየቀኑ የሚውልበት ቦታ ነው፤ አንዴ ታይቶ የሚመለሱበት አይደለም። መሬቱን ወይም ጉልቱን ትቶ ልጁን ይዞ አዲስ አበባ የሚከርም የአምባሰል ሰው ስንት ነው? «አዲስ አበባ ውሰጂው» ማለት ለአብዛኛው ቤተሰብ «ምንም የለም» ማለት ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። እኔ ግን አለ እላለሁ። ማስተዋወቅ የምፈልገው ሕንፃ የሌለውን፣ ስለዚህም ሰው የማይቆጥረውን አገልግሎት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች የክህሎት ስልጠና ይባላል። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ፣ የእድገት መዘግየት ወይም ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ወላጆች የተሠራ ነው። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ ሌላ የለውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ለአገራችን እንዲስማማ አድርገው ሞክረውታል። ከሁሉ በላይ የምወድለት አሠልጣኙ ስፔሻሊስት መሆን የማያስፈልገው መሆኑን ነው። ነርስ፣ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ቀድማ የሠለጠነች እናትም ልትመራው ትችላለች። በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ለማሠማራት ያቀደች አገር ለዚህ ሥራ የሚሆን እጅ የላትም ማለት አይቻልም።

ስለ ኦቲዝም ራሱ ብዙ አልልም። ከልጅነት የሚጀምር የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው፤ በንግግር፣ ከሰው ጋር በመግባባት፣ በድምፅና በብርሃን ስሜት፣ ነገሮችን በመደጋገም ይታያል። እርግማን አያመጣውም፣ ክትባት አያመጣውም፣ የእናት ፍቅር ማነስ አያመጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንድ ገደማ ኦቲዝም ነበረበት ብሎ ይገምታል። አምባሰልና ጎረቤቷ ተሁለደሬ ከዓለም አይለዩም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ስልጠናው ወላጅን «ለልጅሽ በቀን አንድ ሰዓት ትምህርት ስጪው» አይላትም። በቤት ውስጥ በየቀኑ የሚደረገውን ሥራ መማሪያ አድርጊው ይላታል። ልብስ ማጠብ፣ እጅ መታጠብ፣ ማዕድ ማቅረብ ሁሉ ይሆናል። እኔ ግን ወሎ ውስጥ ቡናን የሚያህል መማሪያ አይታየኝም። ቡና በየቀኑ አለ። ቅደም ተከተሉ አይናወጥም፦ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ነገ ምን እንደሚሆን ካላወቀ ለሚጨነቅ ልጅ፣ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ትልቅ እረፍት ነው።

ውጫሌ ላይ ያገኘኋት አንዲት እናት ልጇ ሲኒዎቹን ከረከቦቱ እያወጣ መሬት ላይ በአንድ መስመር ይደረድር እንደነበር ነገረችኝ። ቤቱ የመጣ ሁሉ «ይሰብረዋል» እያለ ይነጥቀው ነበር፤ እሱም ይጮኽ ነበር። «መደርደሩ በሽታው ነው፣ ከለከልሽው ይተዋል» ያሏትም ነበሩ። በስልጠናው ዓይን ግን መደርደሩ መግቢያ በር ነው። የደረደረውን አታፍርሺ፤ በቁመቱ ልክ ፊት ለፊቱ ቁጭ በይና ቀጣዩን ሲኒ አቀብዪው። አንዴ ከተቀበለሽ ጨዋታው የሁለት ሰው ሆነ። ያን ጊዜ «ሲኒ» በዪው፤ አንድ ቃል ብቻ። ቃል የሌለው ልጅ አንድ ቃል ይበቃዋል፤ አንድ ቃል ያለው ልጅ ደግሞ ሁለት ይሰማ፣ «ሲኒ እንካ» በዪው። «የኔ አለም፣ እስቲ ያንን ሲኒ አምጣና እዚህ አስቀምጥልኝ» ካልሽው ግን ከመካከሉ የትኛው ቃል ሲኒው እንደሆነ እንዴት አድርጎ ይለየው?

ከዚያ ማስመረጥ ይመጣል። በአንድ እጅ ቆሎ፣ በሌላው ዳቦ ይዘሽ ከዓይኑ ትይዩ ታነሺና ትጠይቂዋለሽ። ቀጥሎ የሚመጣው ከስልጠናው ሁሉ ቀላል የሚመስል፣ ለአዋቂ ግን ከሁሉ የሚከብድ ነገር ነው፤ ዝም ብሎ መጠበቅ። ልጁ ወደ ቆሎው ካየ ተናግሯል። እጅሽን ከጎተተ ተናግሯል። ከጠቆመ ተናግሯል። ወዲያው ትሰጪዋለሽ፣ ቃሉን ታክዪለታለሽ፦ «ቆሎ»። ቃል ከአፉ እስኪወጣ እየጠበቅሽ አታስርቢውም፤ ያየውን እንዳላየሽ ሆነሽም አታልፊውም።

እዚህ ላይ አያቶችን፣ አክስቶችንና ጎረቤቶችን እወቅሳለሁ። እናትየዋ ስትጠብቅ «ስጪው እንጂ! ልጁን ምን ታስለቅሺዋለሽ!» ብሎ ቆሎውን ነጥቆ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ሳይጠይቅ ሁሉ ነገር የሚደርሰው ልጅ ለምን ብሎ ይጠይቃል? ልጁ ሊናገር ሲል አፉን የሚዘጋው የኛ ችኮላ ነው። «እማማ፣ ትንሽ ይቆዩ» ማለትን የተማረች ምራት፣ ነገሩን ተረድተው የሚቆዩ አማትም ካሉ፣ ያ ቤት ግማሹን ስልጠና ጨረሰ እላለሁ።

ሲኒ ማምጣት ራሱ ለአንዳንድ ልጅ አንድ ሥራ አይደለም። መነሳት፣ ወደ መደርደሪያው መሄድ፣ አንድ ሲኒ መያዝ፣ ተሸክሞ መመለስ፣ ረከቦቱ ላይ ማኖር ነው። ሌላውን አንቺ ትሠሪና የመጨረሻዋን ብቻ፣ ማኖሩን፣ ለሱ ትተዪለታለሽ፤ ያቺን ሲችል ከሷ በፊት ያለችውን ትጨምሪለታለሽ። እጁን ይዞ ማሠራት ካላስፈለገ አሳይቶ ማሠራት፣ ማሳየት ካላስፈለገ መንገር፤ ሁልጊዜ በሚያንሰው እርዳታ። ለቡና ጠጪው እንግዳ ሲኒ የሚያቀብል ልጅ ሰው ዓይን ውስጥ ቦታው ይለወጣል። «የታመመው ልጅ» መባሉ ቀርቶ «ሲኒ አቀባያችን» ይባላል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ቡና ሁሉ ነገሩ ለልጁ ይመቸዋል ማለቴ አይደለም። የሙቀጫ ድምፅ ጆሮውን የሚያሳምመው፣ የሚቆላው ቡና ጭስና ዕጣኑ የሚያስጨንቀው ልጅ አለ። ጆሮውን ይዞ ሲሮጥ ጥጋብ አይደለም። ሲወቀጥ ደጃፍ ይቀመጥ፣ ሲቀዳ ይመለስ። ከፍሙና ከጀበናው ግን ሰው ይለየው።

ስልጠናው ስለ አስቸጋሪ ጠባይም ያነሳል። ዋና ነገሩ፣ ጩኸትም ንክሻም የሚነግረን ነገር አለ የሚል ነው። ከጩኸቱ በፊት ምን ሆነ? ከጩኸቱ በኋላስ ምን አገኘ? ገበያ ላይ ሲጮኽ ሁልጊዜ ብስኩት የሚገዛለት ልጅ በጩኸት መግዛትን ተምሯል፤ ብስኩቱን በጣቱ ጠቁሞ ሲያገኝ ደግሞ መጠቆምን ይማራል። ዱላ ከሁለቱ አንዱንም አያስተምርም። መንገድ ላይ ልጇ የሚጮኽባትን እናት የሚያይ ሰው «ስድ አሳድገሽው!» ከማለቱ በፊት ቢያንስ ዕቃዋን ይያዝላት።

ስለ መታሰር መናገር አለብኝ። ልጅን ቤት ውስጥ በገመድ ማሰር በአገራችን ያለ ነገር ነው፤ ዘሚ የኑስም ደጋግማ ታነሳው ነበር። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ ነው ያለችው፤ ከባድ መኪና ቀን ከሌት ያልፋል። ድንገት በርሮ የሚወጣ ልጅ ያላት፣ ብቻዋን እንጀራ የምትጋግር እናት ለምን እንደምታስር ይገባኛል። እሷን መስደብ ገመዱን አይፈታም። የሚፈታው አጥርና መቀርቀሪያ፣ ልጁን በመልኩ የሚያውቅ ሱቅና ጎረቤት፣ «ቁም» ሲባል መቆምን በጨዋታ ማስለመድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአንድ ሰዓት የሚተካት ሰው ነው። የመጨረሻው ስብሰባ የእናትየዋን የራሷን ድካም የሚያነሳው በከንቱ አይደለም። ወሎ «አብሽሪ» ማለት ያውቅበታል። «አብሽሪ» ያለ ሰው ልጁን ይዞ አንድ ሰዓት ቢቀመጥላት፣ እናትየዋ ትተኛለች።

ጠበልና ዱአም ይነሳ። ግሸን ማርያም አምባሰል ውስጥ ናት፤ መስከረም 21 ልጃቸውን ይዘው የሚወጡ ብዙ ናቸው፤ ሸህ ዘንድ የሚወስዱም እንዲሁ። በዚህ ማንንም አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ፦ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የሚጥል በሽታም አለባቸው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለው፤ ድንገት ማቋረጡ ልጁን ሊገድለው ይችላል። ጠበል የሚሄድ ልጅ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። «መድኃኒቱን ጣይው» የሚል ማንም ቢሆን አይሰማ። ኦቲዝምን ራሱን የሚያድን መድኃኒት ግን የለም፤ አለኝ የሚል ካለ ገንዘብሽን ፈልጎ ነው።

ከውጫሌ የሚጀምር ሰው መንገዱ ይህ ነው። መጀመሪያ ጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያናግር፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ ሪፈር ወደ ደሴ፤ የአእምሮ ሕክምና ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም እዚያው አቅራቢያ ነው። ጆሮው መስማት አለመስማቱ ይመርመር፤ ሳይሰማ ኦቲዝም የተባለ ልጅ አለና። የዓለም ጤና ድርጅት ስልጠናውን በኢንተርኔትም አውጥቶታል፤ ስልክ ያላት አንዲት መምህርት አይታው ለሌሎች እናቶች ልታስረዳ ትችላለች።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ለስለስ ብዬ አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 ወላጆች ሲጠየቁ፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ያጡት ነገር ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት መሆኑን ተናግረዋል። ይህ አዲስ አበባ ላይ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ ትምህርትም በስምምነቱ ውስጥ አለ። «እዚህ አይሆንም፣ ውሰጂው» የሚል ርእሰ መምህር ውለታ እየነፈገ አይደለም፣ መብት እየነፈገ ነው። ልዩ ፍላጎት የተማረ መምህር ባይኖር እንኳ ልጁን በሩ አጠገብ አስቀምጦ፣ የዕለቱን ሥራ በሥዕል አሳይቶ መጀመር ይቻላል።

ስልጠናው 9 ዓመት ላይ ያቆማል፤ ልጁ ግን አያቆምም። የሃያና የሠላሳ ዓመት ሰው ሆኖ ቤት የሚውል ኦቲዝም ያለበት ጎልማሳ የሚገባበት በር እጅግ ጠባብ ነው። እናቶች ሁሉ ማታ የሚያስቡት «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» የሚለውን ነው። ወሎ ለዚህ የሚሆን ነገር በእጁ አለው፤ ቅሬ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ የሚቀባበርበት፣ ድንኳኑን የሚተክል፣ ሐዘንተኛን የማይተው ማኅበር ነው። ቅሬው ሰው ሲሞት የሚያውቀውን ቤት በሕይወት እያለም ሊያውቀው ይችላል። በመዝገቡ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ያለበትን ቤት ይጻፍ፤ በየሳምንቱ ተራ ገብቶ ከጎልማሳው ጋር የሚውል ሰው ይመደብ፤ ቀብር ሲኖር ውኃ መቅዳት፣ ወንበር መደርደር የሱ ሥራ ይሁን። ወላጅ ሲሞት የሚያሳድረው ቤት አስቀድሞ በሽማግሌ ፊት ይወሰን። የሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ላይ ይህን የሚያነሳ አንድ አባል ይበቃል፤ አጀንዳው ላይ ከመዋጮው ቀጥሎ ያስመዝግበው።