ልጅዎ «እማዬ» የሚለው ማንን ነው?

ውለው ከሥራ ሲመለሱ ልጅዎ አያቱን «እማዬ» እያለ እርስዎን በስምዎ ቢጠራዎት ምን ይሰማዎታል? ብዙ ሠራተኛ እናቶች «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ እናት የተባለችው ሌላ» እያሉ በሆዳቸው ያዝናሉ። ቅሬታው እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ የቃሉን አመጣጥ ቢያውቁ ሸክሙ ሳይቀልልዎ አይቀርም።

ሕፃን ጡት በሚጠባበት ጊዜ አፉ ስለተያዘ ድምፁ በአፍንጫው በኩል «ም…» እያለ ይወጣል። ቆየት ብሎም ሲርበው ያንኑ ድምፅ ያሰማል። ሮማን ያኮብሰን የተባሉት የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣ ጽሑፋቸው ይህንኑ አስረድተዋል። ከልዩ ልዩ ቋንቋዎች ከተሰበሰቡት የእናት መጠሪያዎች ውስጥ 55 በመቶ ያህሉ እንደ «ም» እና «ን» ያሉ የአፍንጫ ድምፆች ሲኖሩባቸው፣ ከአባት መጠሪያዎች ግን እንዲህ ያሉት 15 በመቶ ብቻ ናቸው። ግዕዙ «እም»፣ ዐረብኛው «ኡም»፣ ሲዳምኛው «አማ»፣ አፋርኛው «ኢና»፣ ስዋሂሊው «ማማ» ይላሉ።

ታዲያ ሁሉም እንዲህ አይደለም። ትግርኛው «አደ»፣ ኦሮምኛው «ሃዻ»፣ ሶማልኛው «ሆዮ» ይላል። በጆርጂያ ቋንቋማ «ማማ» ማለት አባት ነው፤ እናት «ዴዳ» ትባላለች። ከዚህ የምንረዳው ድምፁን የሚያወጣው ሕፃኑ ቢሆንም ትርጉሙን የሚሰጡት በዙሪያው ያሉት ሰዎች መሆናቸውን ነው።

የእኛም ቋንቋ እናትነትን ለወለደች ብቻ አልሰጠም። የጎረቤት አሮጊት «እማማ» ናቸው። የክርስትና እናት አለች፤ የእንጀራ እናት አለች። እርስዎ ራስዎ ትንሿን ልጅዎን ሲያቆላምጡ «እናቴ» ይሏት የለም?

እንግዲህ ልጅዎ በስምዎ ቢጠራዎት ፍቅር አጉድሎ አይደለም። እርስዎ እናትዎን «እማዬ» ሲሉ ይሰማል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ እርስዎን በስም ሲጠራም ይሰማል። የሰማውን ይደግማል።

ስለዚህ ልጁን አይቆጡት፤ ከአያቱም ሆነ ከሞግዚቷ ጋር አይቀያየሙ። ይልቁንስ ባለቤትዎም ሌሎቹም በልጁ ፊት «እማዬ መጣች» እንዲሉ ያስለምዷቸው። ለአያቱም «እማማ» የሚለው የክብር ስም አይጎድልባቸውም። ማታ ሲገቡም ወደ ማድ ቤት ከመሮጥዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡና ይቀፉት፤ ራቱን የሚያጎርሱትም እርስዎ ይሁኑ።

ቃሉ ከልጅ አፍ የሚወጣው መልስ ወዳገኘበት ነው። በኮልታፋ አንደበቱ «እማዬ» ሲል ቢሰሙ፣ ድካም ቢጫንዎትም ፈጥነው «ወዬ» ይበሉት።